የሰማያዊውን ቦርሳ ዘፈን የሠራችው ፈቲያ

ሰው ተሳስቶ ነው ብዬ ስልኩን ዘጋሁት።

ዛሬ ጠዋት ዶራሌ ወደብ በር ላይ የኮንቴይነር ወረቀት ይዤ ወረፋ እየጠበቅኩ ነበር። የፈቲያ እህት ደወለች። "ዳኒ፣ ፈቲያ አረፈች" አለችኝ። የትኛዋ ፈቲያ አልኩ። ከአንድ ፈቲያ በቀር የማውቀው የለም። ቆይቼ መልሼ ደወልኩ፤ ያው ነው።

ኩላሊቷን ታማ እንደቆየች የሰማሁት ገና ዛሬ ነው። ከዙሁር ሰላት በኋላ ቀብረናት ተመለስን። ቤት ቁጭ ብዬ ይሄን እየጻፍኩ ነው፤ አሁንም ያመንኩት አይመስለኝም።

ለማታውቋት፦ ፈቲያ ካርቲየ 1 ሰፈር ውስጥ ጨርቅ የሚነግድ የድሬዳዋ ቤተሰብ ልጅ ናት። እዚሁ ጅቡቲ ለዓመታት ጋዜጣ ላይ በፈረንሳይኛ ስለ ሙዚቃ ትጽፍ ነበር። ዘፋኞች ይፈሯታል። ቀን ትራንዚተር፣ ቅዳሜና እሁድ ዘፋኝ የሆንኩት እኔም አንዱ ነበርኩ።

የመጀመሪያ አልበሜ ሲወጣ "ድምፁ ጥሩ ነው፤ ግን ከሚዘፍነው አንዱንም ቃል አያምንበትም" ብላ ጻፈች። አነበብኩና በንዴት አባቷ ሱቅ ድረስ ሄድኩ። ከአንዲት ሴትዮ ጋር በሶማሊኛ እየተከራከረች ጨርቅ ትለካለች። ቀና ብላ አየችኝና "ተቀመጥ፣ ልጨርስ" አለች። ስትጨርስ ዘፈኔን በስልኳ ከፈተች። አንድ ስንኝ ላይ አቆመችው።

"ይሄ ምን ማለት ነው?"

"በቃ... ያምራል" አልኩ።

"እሱን አልጠየቅኩህም። እውነት ነው ወይስ ያምራል?"

ይቺን ጥያቄ ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ እንደሰማኋት እንጃ። የዚያን ቀን ግን "እንግዲያው አንቺ ጻፊው!" ብያት ወጣሁ።

ጻፈችው። ሦስት ሳምንት ቆይታ ደወለችና ግጥሙን አነበበችልኝ። እውነት ለመናገር አይረባም ነበር። ሁሉንም ነገር ያብራራል፤ መቼ፣ የት፣ ለምን። "ፈቲ፣ ይሄ ዜና ነው፣ ዘፈን አይደለም" አልኳት። ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ ሳቀች። "ቀጥል፣ ሌላስ?" አለችኝ። በሰው ሥራ ላይ እንደምትጨክነው በራሷም ላይ ትጨክን ነበር።

ብዙም ሳትቆይ ከጋዜጣው ለቀቀች። አለቃዋ ሁለቱንም ጎን ለጎን መሥራት ትችያለሽ ብሏት ነበር። "የራሴን ዘፈን እየሠራሁ በሰው ዘፈን ላይ አልፈርድም" አለችው። ቤት ውስጥ ነገሩ ከበደ። አባቷ ሐጂ "ጋዜጠኛ ስትሆኚ ዝም አልኩ። አሁን ደግሞ ዘፈን?" ብለው ለሳምንታት አላናገሯትም። የጨርቅ መጋዘኑን ቁልፍ ግን አልነጠቋትም።

ስቱዲዮአችን እሱ ነበር። ከሱቁ ጀርባ ያለ፣ ጣቃው እስከ ጣሪያ የተደረደረበት ክፍል። ጨርቅ ድምፅ ስለሚውጥ ለቀረጻ ይመቻል። ማራገቢያው ስለሚጮህ እናጠፋዋለን፤ በሐምሌ ሙቀት ላባችን መሬት ላይ ይንጠባጠባል። እሷ ኮምፒውተሩ ፊት ማዳመጫዋን አድርጋ "እንደገና" ትላለች። ፕሮዲውሰርነት ያስተማራት ሰው የለም። ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ሥራ ስታዳምጥ የኖረች ጆሮ ነበረቻት፣ በሷ ነው የሠራችው።

የቦርሳው ዘፈን የተቀዳው እዚያ ነው። ታሪኩ የሆነ ነገር ነው። ወደ የመን ለመሻገር የመጣች አንዲት የወሎ ልጅ ሱቁ ገብታ ሻሽ ገዛች። "ይሄን ቦርሳ ያዙልኝ፣ ስደርስ ሰው ልኬ አስወስደዋለሁ" ብላ ትታው ሄደች። የመጣ ሰው የለም። ሐጂ ቦርሳውን ሳይከፍቱ መደርደሪያ ላይ አስቀመጡት። ፈቲያ ስለሱ ጻፈች፤ በዚህኛው ላይ ማብራሪያ የለ፣ ምክር የለ።

እየቀዳን ሳለ በሩ ተከፈተ። ሐጂ ናቸው። አለቀልን አልኩ በልቤ። ቆመው አዩንና፣

"ቦርሳው ጥቁር አይደለም። ሰማያዊ ነው" አሉ። በሩን ዘግተው ሄዱ።

ለካ ከግድግዳው ወዲያ ሆነው ሲያዳምጡ ኖሯል። ፈቲያ በሻርፗ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። እኔ "ጥቁር" ዜማው ላይ ልክ ይገባል፣ እባክሽ ተይው ብዬ ለመንኳት። "ሰማያዊ ከሆነ ሰማያዊ ነው" ብላ ዜማውን አፍርሳ እንደ አዲስ ሠራችው። በየታክሲው የሰማችሁት ያንን ነው። ድሬዳዋም ደርሷል። የልጅቷ ዘመዶች ሰምተው ይደውሉ ይሆናል ብላ ትጠብቅ ነበር። የደወለ የለም።

ይሄን ሳልጽፍ ባልፍ ደግሞ ውሸታም እሆናለሁ። ባለፈው ዓመት አዲስ አበባ ሄጄ ከሌላ ፕሮዲውሰር ጋር ሠራሁ። አልነገርኳትም፤ ከሰው ሰማች። "የከፋኝ መሄድህ አይደለም፣ ከሰው መስማቴ ነው" አለችኝ። ይቅርታ መጠየቅ ሲገባኝ ተከራከርኳት። ከዚያ ወዲህ አልተነጋገርንም። ሰባት ወር። በመሃል አንድ የድምፅ ፋይል ልካልኝ ነበር፣ ምንም ሳትጽፍበት። አኩርፌ ስለነበር አልከፈትኩትም።

ዛሬ ከቀብር መልስ መኪና ውስጥ ከፈትኩት። አዲስ ዘፈን ነው። እኔ እንድማረው ዜማውን ራሷ ዘፍናዋለች። በዚህ ሁሉ ዓመት ፈቲያ ስታንጎራጉር እንኳ ሰምቻት አላውቅም፤ "እኔ ድምፅ የለኝም" ነበር የምትለው። ሲያልቅ "ዳኒ፣ ላንተ ድምፅ ነው የሠራሁት" ትላለች።

ፈቲ፣ ሦስት ጊዜ ሰማሁት። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ትንሽ ትቸኩያለሽ። ከዚያ ውጪ የምነቅፈው የለኝም። ድምፅ ነበረሽ። ይሄን፣ ስልክ አንስተሽ በምትሰሚኝ ሰዓት ልነግርሽ ይገባኝ ነበር፤ አልነገርኩሽም፣ ይቅር በይኝ። ዘፈኑን እቀዳዋለሁ። አላህ ማረፊያሽን ያስፋልሽ። ደህና ሁኚ፣ እህቴ።