የወንድሜ ሁለት ስሞች

ሥራዬ ሆስፒታል ውስጥ መረጃ ማስገባት ነው። ኩላሊት የሚጠብቀውን በሽተኛም፣ ለመስጠት ፈቃደኛ የሆነውን ዘመድም ኮምፒውተር ላይ እጽፋለሁ፤ ማን ከማን እንደሚገጥም የሚያወጡት አዲስ አበባ ያሉት ናቸው። ሥልጠናው ላይ «መረጃ ሕይወት ያድናል» ብለውን ነበር። ምሳው ጥሩ ስለነበር አምነናል።

ከሚጠብቁት አንዱ ታላቅ ወንድሜ ነው። አምባ ጊዮርጊስ ገብስና ባቄላ ሲያመርት ኖሮ፣ ኩላሊቱ ሲደክም እርሻውን ለሚስቱ ትቶ ከተማ እኔ ቤት ገባ። የሚኖረው በእጥበት ነው። እኔን ቀድመው መርምረው አትሆኚም ብለውኛል። ሌላ ዘመድ ካልተገኘ እጥበቱ እስከ መቼ እንደሚያቆየው ሐኪሙም አልነገረን፣ እኛም አልጠየቅነውም።

ፈቃደኛ ዘመዶችን እንዲያሰባስቡልኝ ለንስሐ አባታችን አደራ አልኳቸው። ስም ጽፈው ላኩልኝ። ካህን ግን ስም ጻፍ ሲባል የሚጽፈው የክርስትና ስም ነው፤ ስለ ታመመ ሰው ሲጽፍ ደግሞ ለጸሎት እንደለመደው የታመመውን ያስቀድማል። የወንድሜን የክርስትና ስም እኔ ሰምቼው አላውቅም፤ እናታችን መተት ይሠሩበታል ብላ ስለምትፈራ ከእሷ፣ ከቄሱና ከራሱ በቀር የሚያውቀው አልነበረም። እኔም የእሱ ስም ከላይ መኖሩን ሳላውቅ ሁሉንም ሰጪ ብዬ እንዳለ ገለበጥኩት።

ለምርመራ የሰጪዎቹ ደም የሚወሰድ ቀን ነርሷ ያን ስም ጠራች። ለእጥበት መጥቶ አግዳሚው ላይ የተቀመጠው ወንድሜ «አቤት» ብሎ እጁን ዘረጋ። በበሽተኛነቱ ቀድሞ ሰጥቶ ነበር፤ ግን ሆስፒታል የለመደ ሰው ደም ስጥ ሲሉት ለምን ብሎ አይጠይቅም።

ውጤቱ ሲመጣ ጉድ ተባለ። ከዘመዶቹ ሌላው ሁሉ ሳይገጥም አንዱ ግን ፍጹም ገጠመ፤ እንዲህ ያለው በመንታ ካልሆነ አይታይም አሉ። አለቃዬ ስብሰባ ላይ አስጨበጨበልኝ። የምይዘው የምጨብጠው ጠፍቶኝ ፒያሳ ወርጄ ለቢሮው ሁሉ ኬክ ገዛሁ። ከዚያ «ሁለቱም አብረው ይምጡ» ተባለ።

ወንድሜ ብቻውን ገባ። ሐኪሙ በሽተኛውን ሲጠራ «አቤት» አለ። ሰጪውን ሲጠራም «አቤት» አለ።

«አያ፣ ይኸም ስም ያንተ ነው?» አልኩት።

«የኔ ነው። ከራሴው ጋራ ገጠምሁ በይኛ። ሸጋ ነው፤ ምነው ታዲያ ታመምሁ?»

እሱ ሳቀ። እኔ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ተመዝግቧልና ይስተካከል ብዬ ወደ አዲስ አበባ ጻፍኩ። ፈጥነው ከሁለቱ አንዱን አጠፉ። ያጠፉት በሽተኛውን ነው። በአገሪቱ መረጃ መሠረት ወንድሜ ጤነኛ ሰጪ ሆኖ ቀረ። ብዙም ሳይቆይ ስለ በጎ ፈቃዱ የሚያመሰግን መልእክት ስልኩ ላይ ገባ። ማንበብ ስለማይችል፣ የእጥበቱ መርፌ ክንዱ ላይ እንደተሰካ እኔ አነበብኩለት።

በዓለም ስሙ እንደገና መዘገብኩት፤ ወረፋው ከመጨረሻ ጀመረ። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የሚያጠፋው ማን እንደሆነ አሁን አውቃለሁ። የክርስትና ስሙንም ልሰርዝ እንደሆነ ስነግረው ግን አልወደደም።

«ምነው ታጠፊዋለሽ? ኩላሊቴስ አይረባም። ዓይኔ ግን ሸጋ ነው፤ ማዶ የሚግጥ በሬ የማን እንደሆነ እለያለሁ። ሰው ሲሞት ዓይኑን ለሌላ ይሰጣሉ አላልሽኝም?»

«ብዬሃለሁ።»

«እንግዲያ ያኛው ይጠብቅ፣ ይኸኛው ይስጥ።»

ከሰጪዎቹ ጋር ተውኩት፤ «ኩላሊት» የሚለውን ሰርዤ «ዓይን» ብዬ ጻፍኩ። መረጃው ለመጀመሪያ ጊዜ ትክክል ሆነ። ጠዋት ጠዋት ኮምፒውተሩን ስከፍት ሁለቱንም ስሞች አያለሁ። የትኛው ቀድሞ እንደሚጠራ እፈራለሁ።