ለጓደኛ የሚሆን ስሊፒንግ ባግ

ነርስ ዘርአብሩክ ቀኑን ሙሉ ታካሚውን ስለ ውፍረት ሲመክር ይውላል፤ በበር ሲገባ ግን ሆዱ ይቀድመዋል። “እኔ እስክደርስ እሱ ሰላምታውን ይጨርሳል” እያለ በራሱ ሲቀልድ የሚስተካከለው የለም፤ ሰው ሲቀልድበት ግን ያኮርፋል።

ዘንድሮ ግሸን ማርያምን ሊሳለም ተነሣ። የጋምቤላን ሙቀት የለመደ ገላ በዚያ ብርድ ሜዳ ላይ ሊያድር ነውና፣ እዚያው ከተማ ኒውላንድ ሰፈር ወዳለው የዘኪያ የጉዞ ዕቃ ሱቅ ጎራ አለ።

“ስሊፒንግ ባግ ነበር፤ ሰፊ፣ ግን ቀላል የሆነ” አላት። ዳገቱን ራሱን ተሸክሞ መውጣቱ ብቻ በቂ ጭነት ነው። ይህን ግን ለባለሱቅ ማን ይናገራል? “ለጓደኛዬ ነው” አለ።

“ምን ያህላል ጓደኛዎ፣ ዶክተር?” ለዘኪያ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው።

“ኧረ እሱስ ከእኔም ይብሳል!”

ሊለካለት የመጀመሪያው ውስጥ ገባ፤ ዚፑ እምብርቱ ላይ ሲደርስ እምቢ አለ። “የማይረባ ዚፕ!” ብሎ ተራገመ። ሁለተኛው እንደ ጥጥ ቀላል ነበር፤ ዚፑም ያለ ትግል እስከ አንገቱ ተዘጋ። ሱቁ ወለል ላይ ተንጋሎ እግሩን ሲዘረጋ እንቅልፍ ሊወስደው ምንም አልቀረው።

“ይሄን ጠቅልይልኝ!”

“አልሸጥም” አለች ዘኪያ። “ለእርስዎ ልክክ ካለ፣ ከእርስዎ የሚብሰውን ሰውዬ ይጠበዋል። ገንዘብ ተቀብዬ ሰው በብርድ ላሳድር? ሐራም ነው።”

ዘርአብሩክ እንደተጋደመ አንገቱን ቀና አደረገ። “ለካ ረስቼው ነው፤ ሰሞኑን ከስቷል።”

“አልሐምዱሊላህ! ምክርዎን ሰምቶ ነዋ” አለች ዚፑን እየከፈተችለት። “እርስዎስ መቼ ነው የሚሰሙት?”