አልጠፋ ያለው አረፋ

ጣሊያን ደብረ ታቦር በተቀመጠበት ዘመን እኔ ከጋፋት አለፍ ብሎ የምኖር አዲስ ጎጆ ወጪ ነበርሁ። ፊደል ቆጥሬ ዳዊት ሳልደግም ወደ ሞፈር የዞርሁ ሰው ነኝና አጻጻፌ ቢጎረብጥ አንባቢ ይታገሠኝ። ባይታገሠኝም እጽፋለሁ።

ከጉርምስናዬ ጀምሮ ሆዴ ሰላም አልነበረውም። አንድ ሰሞን ደም የተቀላቀለ ተቅማጥ ይይዘኝና እንደ ጅራፍ እቀጥናለሁ፤ ደግሞ ይተወኝና እንደ ማንም አርሳለሁ። እኔ ትል ነው ብዬ ሆዴ በተነሣ ቁጥር ኮሶ እጠጣለሁ። የባሰ ሲያስቀምጠኝም “ይኸው ሠራ” እላለሁ።

ሚስቴ ጠላ ጠምቃ ለገበያተኛ የምትሸጥ ሴት ነበረች። አንድ ማለዳ ጓሮ ካለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ሸንቼ ገባሁ። ቆየት ብዬ ስወጣ ድንጋዩ አጠገብ ቆማ አገኘኋት።

“ምን ጠፋብሽ?”

“አረፋው። አልሞት አለ።”

“የሽንት አረፋ ነው፤ ምን ይሁን ብለሽ ነው?”

“እኔ አረፋ አውቃለሁ። የጠላ እንኳ ዋንጫው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ይሞታል። ይኼ የአንቱ ግን ላም አልቤ ስመለስም አለ። ትናንትም እንዲሁ ነበር።”

“እንግዲያ ጥሩ ወጥቶልኛል፤ ቀድተሽ ሽጪዋ።”

አልሳቀችም። “አባቴም እንዲህ ሲያረፋ ኖሮ ፊቱ አብጦ ነው የሞተ” አለች። ያኔ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ ነበር። “ይኼን ልጅ ብቻዬን አላሳድግም። ከተማ ካለው ሐኪም እንሂድ።”

ሐኪሙ ጣሊያን ነው። እኔ ደግሞ የጣሊያን መድኃኒት ካፌ አይገባም ብዬ በጎረቤት ፊት ምያለሁ፤ መሐላዬን እንደማልበላም አገር ያውቃል። ይህንኑ ነገርኋት።

“የማለው አፍዎ ነው” አለች። “ሽንትዎ መቼ ማለ? እሱ ይሂድ፣ አንቱ ይከተሉት።”

በማግስቱ ከጓዳ ግድግዳ ላይ አንዲት ትንሽ ቅል አውርጄ ሸናሁባት፤ አፏን በቅጠል ወትፌ ከጋቢዬ ሥር ይዤ ወጣሁ። መንገድ ላይ አንድ የማውቀው ሰው “ማር ነው?” ቢለኝ “ለጣሊያን የምወስደው ግብር ነው” አልሁት። “ለዚያማ ንቡም አይሰጥ” ብሎ አለፈ። ከኋላዬ የምትከተለው ሚስቴ ብቻ ታውቃለች፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትስቃለች።

ሐኪሙ ከቅሉ ጥቂት በቀጭን ብልቃጥ ቀድቶ እሳት ላይ ያዘው። ወዲያው እንደ አይብ ረጋ። ሐኪሙ ከወንበሩ ተነሣ። አጠገቡ የቆመው አስተርጓሚ፦

“ይኼን የሸናው ሰው የት ነው የተኛው ይላሉ።”

“ቆሟል በላቸው። በእግሩም ነው የመጣው።”

ሐኪሙ የዓይኔን ቆብ ገለጠ፣ እግሬን ተጫነ፣ ራሱን ነቀነቀ። እኔም በልቤ ኑዛዜዬን ጀመርሁ። ይኼን ጊዜ ሚስቴ ቅሉን አንሥታ አሸተተችው።

“አንቱ ሰውዬ” አለች ቀስ ብላ፣ “ይኼ እኮ የእርጎ ቅሌ ነው።”

አስተርጓሚው በሳቅ ታንቆ ነገሩን ማሻገር አቃተው። በኋላ ለሐኪሙ ሲደርሰው መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ። ከዚያ ንጹሕ ጠርሙስ ሰጥቶ ከቤቱ ጀርባ ላከኝ። እኔ ነገሩ በእርጎው ያለቀ መስሎኝ ደስ ብሎኝ መጣሁ።

እንደገና አፈላው። ሁላችንም ጎንበስ ብለን አየን። አይብ የለም። ብቻ ከላዩ ጉና ተራራ ላይ ጧት እንደሚቀመጥ ጉም ያለ ስስ ነገር ታየ። ሐኪሙ የሚኮመጥጥ ነገር ጠብ አደረገበት፤ “ቢለቅ ደግ ነው ይላሉ” አለ አስተርጓሚው፤ ጉሙ አልለቀቀም። ሚስቴ እጄን ያዘች።

“ኩላሊትህ መጎዳት ጀምሯል ይላሉ” አለ አስተርጓሚው። “የአንጀት ቁስል ሲቆይ ኩላሊትንም ይነካል። ገና ጅማሬው ነው፤ ቶሎ መታየቱ በጀህ። ትል የለብህም፣ ኮሶ ይቅር። ሲያስቀምጥህ አፍልተህ ያቀዘቀዝኸውን ውኃ ደጋግመህ ጠጣ። ጨው ቀንስ።”

“ውኃው የጉና ነው፣ ጨው መቀነስም መሐላ አያፈርስ” አልሁ። “እሺ በላቸው።”

ሐኪሙ ለሚስቴ ብልቃጧን ሰጣት፤ የሚኮመጥጠውን ነገር ሎሚ እንደሚተካው ነገራት። ከዚያ ወዲያ ጓሮ እሳት አንድዳ ሽንቴን ታፈላ ጀመር። ጎረቤታችን በአጥር አሻግራ “ምን ትሠሪያለሽ?” ስትላት “የባሌን” ትላለች። “ጨው ጣል አድርጊበት እንጂ።” “ጨው ተከልክሏል።”

ሆዴ መነሣቱን አልተወም፤ ኮሶውን ግን እኔ ተውሁት። ጉሙም እያደር ሳሳ። ልጃችን ክርስትና ልትነሣ ሽር ጉድ በምንልበት ጧት ሚስቴ አፈላችው፣ ሎሚ ጠብ አደረገችበት፣ ብልቃጧን ወደ ፀሐይ ከፍ አድርጋ ብዙ አየች። እንደ ምንጭ ውኃ ጠርቷል። ገብታ ጠላ ቀዳችልኝ። እጄን ብዘረጋ “ይቆዩ” አለች፤ አረፋው እስኪሞት ጠብቃ ሰጠችኝ።

የእርጎው ቅል ግን ዳግም ወተት አላየም። ከጓሮ ተሰቅሎ የኔ ሆኖ ቀረ።