ቀሚሱ ላይ ያረፈው ማኅተም

ቃሊቲ አካባቢ ባለ አንድ ፍርድ ቤት፣ ኤግዚቢት ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። ለክስ ማስረጃ የመጣ ዕቃ ሁሉ፣ ቢላም ይሁን የመኪና ባትሪ፣ ውሳኔ እስኪያገኝ የሚቀመጠው እኔ ዘንድ ነው። ማኅተም ላይ ነገረኛ ነኝ፤ ማኅተም ያልተመታበት ዕቃ ካየሁ ደሜ ይፈላል።

አንድ ቀን የአገር ልብስ ቀሚስ ገባ። አንዲት የገላን ኮንዶሚኒየም ሙሽራ ለመልሷ ያሠራችው ነው፤ ጥጡን የፈተሉት እናቷ ናቸው። ሳሪስ ላይ ታክሲ ስትሳፈር ተሰርቃ፣ ሌባው ከነቀሚሱ ተይዟል። ፌስታሉ ላይ የነበረው ወረቀት ተገንጥሎ ሳገኘው «ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ሥራ ነው!» እያልኩ ተነጫነጭኩ። ጠረጴዛው በዕቃ ሞልቶ ስለነበር አዲሱን ወረቀት እዚያው ቀሚሱ ላይ ዘረጋሁና ጽፌ፣ ማኅተሙን በንዴት መታሁት። ከዚያ አሽጌ መደርደሪያው ላይ አኖርኩ።

ሐሙስ ዕለት ዳኛው ፈረዱ፤ ቀሚሱ ለባለቤቷ ይመለስ ተባለ። መልሱ እሁድ ነው። ሙሽሪትና እናቷ ከችሎት በቀጥታ እየተቻኮሉ ወደ እኔ መጡ። እሽጉን ፈትቼ ቀሚሱን ስዘረጋው ክው አልኩ። የማኅተሙ ግማሽ ከወረቀቱ አልፎ፣ የቀሚሱ ጫፍ ላይ፣ ነጩ ጨርቅ ላይ ሐምራዊ ሆኖ ቁጭ ብሏል!

ሌባው ነው ልበል? የመሥሪያ ቤታችን ስም እኮ ይነበባል!

«እናቴ፣ እኔ ነኝ ያበላሸሁት፤ ይቅር ይበሉኝ» አልኩና እንባዬ ቀደመኝ።

እናትየው ጫፉን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አገላበጡት። ሙሽሪት ግን ሳቋን ለቀቀችው።

«እማ፣ ተይው! ፍርድ ቤት ያጸደቀው ጋብቻ ሆነልኝ!»

እናትየውም ሳቁ። «አይዞሽ ልጄ፣ ስትጨፍር ጫፏን ማን ያያል?» አሉኝ። ፈርመው ሲወስዱ ሙሽሪት ዞር ብላ «እሁድ ትቀሪና እንጣላለን» አለችኝ።

ሄድኩ። እሷ እቴ፣ እየጨፈረች ጫፉን እያነሳች ለእንግዳው ሁሉ ታሳያለች! ጥግ ይዤ በእፍረት ልሞት ስል፣ መጥታ እጄን ጎተተችና መሀል አስገባችኝ። ዘፈኑን አስቆመች።

«ቀሚሴን ለዛሬ ያቆየችልኝ ይቺ ናት!»

ቤቱ በእልልታ ተናጋ። ስንቱን ዕቃ ጠብቄ አስረክቤአለሁ፤ አቆየሽልኝ ያለኝ ሰው ግን እስከዚያን ቀን አልነበረም። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሰርኩና ጨፈርኩ።