ያስቀመጣት ጭብጨባ

ዝም የሚልን ሰው ፊት አቁሞ ማናገር መርዳት ነው ወይስ ማሳፈር? ዓመታት አስተምሬም መልሱን አላገኘሁትም።

አዲሱ የእንግሊዝኛ ሥርዓተ ትምህርት ጅማ ወደማስተምርበት ዩኒቨርሲቲ ሲደርስ፣ ሥልጠና የሰጡን ሰዎች መምህሩ ከእንግዲህ አመቻች ነው አሉን። ተማሪው በቡድን ይወያያል፣ ከዚያ ብቻውን ቆሞ ይናገራል፤ ዋናው ውጤት የሚያዘውም ያኔ ነው። ሐሳቡን ወድጄው ነበር። ክፍሌ ግን ለሌላ ዓይነት ትምህርት የተሠራ ነው፤ ወንበሮቹ ከወለሉ ጋር በብሎን ታስረዋል። ለውይይት ዙሩ ስል የሚዞረው አንገት ብቻ ነው። ተማሪዎቹ በኦሮምኛ ይከራከራሉ፣ በአማርኛ ይሳሳቃሉ፤ እኔ ስጠጋ ሁሉም ዝም ይልና እንግሊዝኛ የሚቀናው አንዱ ስለ ሁሉም ይናገራል።

ከደዶ የመጣች አንዲት ልጅ ነበረች። የእርሷን ጽሑፍ ሳርም ቀይ እስክሪብቶዬ ሥራ ይፈታል። በቡድኗ ውስጥ የሚናገርላት ግን ከአሰንዳቦ ከተማ የመጣ አንድ ልጅ ነበር። «እሷ የምትለው» ብሎ ይጀምራል፣ እርሷ በአዎንታ ራሷን ትነቀንቃለች። የእንግሊዝኛ መምህርት መሆን ነበር የምትፈልገው፤ ይህን ኮርስ ካላለፈች ደግሞ ትምህርት ክፍሉ አያስቀጥላትም።

ተራዋ ደርሶ ፊታችን ቆመች። «ጉድ ሞርኒንግ» አለች፤ ከዚያ ሌላ ቃል አልወጣትም። ዝምታውን ታገሱ፣ አትግቡ ተብለን ሠልጥነናል፤ ታገሥኩ። ከፊት የተቀመጠች ጓደኛዋ «ሜ፣ እባክሽ፣ የጻፍሽውን በይው» ብላ በሹክሹክታ ለመነቻት። አንዱ ከኋላ «ኔትወርክ የለም» አለና ጥቂቶች ሳቁ። ያን ጊዜ የአሰንዳቦው ልጅ ማጨብጨብ ጀመረ። የጨነቀውን ተናጋሪ የምናሳርፈው እንዲህ ነውና ክፍሉ በሙሉ ከልቡ አጨበጨበላት። እርሷም ንግግሩን እንደጨረሰ ሰው ሄዳ ተቀመጠች። ከመቀመጧ በፊት ከንፈሯ ሲላወስ ያየሁ መስሎኛል። እርግጠኛ አይደለሁም።

ቢሮዬ ውስጥ ብቻዋን ልስማት ብዬ የትምህርት ክፍሉን ኃላፊ ጠየቅሁት። ደግ ሰው ነው፤ ሻይ አዘዘልኝ። በተማሪዎች ፊት ካልሆነ ውጤቱ አይያዝም፣ እኔም ከላይ የመጣልኝን ነው የማወርደው አለኝ። ከዚያ «አንቺ እኮ ነሽ በእንግሊዝኛሽ ሁላችንንም የምታስጨንቂን» ብሎ ቀለደብኝ። ሻዬን ጨርሼ ወጣሁ። ልጅቷ የተናገረችው ሁለት ቃል ነው፤ ለሁለት ቃል የሚገባውን ውጤት ሰጠኋት።

ልትሰናበተኝ የመጣች ዕለት ሻንጣዋን በሩ ላይ አስቀምጣ ገባች። ወደ ደዶ መመለሷ ነበር።

«ለእርስዎ ሰው ፊት መናገር ቀላል ነው፣ ቲቸር» አለችኝ። ወቀሳ አልነበረበትም፤ እንዲሁ የምታምነውን ነው የተናገረችው።

ለማንም ነግሬ የማላውቀውን ነገርኳት። አጋሮ ውስጥ ቡና ስለቅም አድጌ ትምህርት ቤት የገባሁት ዘግይቼ እንደሆነ፣ በዕድሜ ከሚያንሱኝ ልጆች ጋር ስቀመጥ እንዳይስቁብኝ ዝምታን እንደለመድኩ፣ እንግሊዝኛን ከመጽሐፍ እንጂ ከሰው አፍ እንዳልተማርኩ። ዛሬም ክፍል ከመግባቴ በፊት የምናገረውን ሁሉ፣ ቀልዱን ሳይቀር፣ ጽፌ እንደማጠና። በሩ ላይ ቆሜም አንዴ እንደምደግመው።

ትክ ብላ አየችኝ።

«ይሄን በመጀመሪያው ሳምንት ቢነግሩኝ ኖሮ» አለች፤ ሻንጣዋንም አነሳች።