ጭፈራ ቤት ውስጥ «አሜን» ያሉኝ ሰው

ቦሌ፣ ጭፈራ ቤት ውስጥ ዓይኔን ጨፍኜ ጸልዬ ስጨርስ፣ ከጎናችን ካለው ጠረጴዛ «አሜን! ተባረኪ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ከሆሳዕና ለስልጠና ነው የመጣሁት። ዛሬ አብረውኝ የሚሰለጥኑት ልጆች አስጎብኚ ይዘው ከባር ባር ሲዞሩ ተከተልኳቸው። ለማየት ብቻ!

ሦስተኛው ቤት ስንገባ ያዘዝኩት ለስላሳ መጣ። እኛ ቤት ደግሞ ሳይጸለይ ውሃም አይጠጣም፤ ሳላስበው ጀመርኩ። በዚያ ሁሉ ሙዚቃ መሀል እየጮህኩ እንደነበር የገባኝ፣ ዲጄው ዘፈን ሊቀይር ሲያቋርጥ ነው። አስጎብኚያችን ግራ ገብቶት ኮፍያውን አወለቀ።

ዓይኔን ስገልጥ «አሜን» ያሉት የቤተ ክርስቲያናችን የመዘምራን መሪ ናቸው! ፊታቸው ያለው ግን ለስላሳ አልነበረም።

«ለስብሰባ መጥቼ ነው» አሉኝ።

«እኔም ለስልጠና» አልኳቸው።

«እንግዲህ አልተያየንም።»

«የት ተያየን ጋሼ?»

እሁድ መዝሙር ሲመሩ እንዴት አድርጌ ሳቄን እንደምይዝ ጌታ ያውቃል።

እናንተስ፣ የአገራችሁን ሰው ያልጠበቃችሁት ቦታ አግኝታችሁ አታውቁም? ጻፉልኝ፤ ስም ብቻ እንዳትጠሩ። እሳቸውም ፌስቡክ አላቸው።