ከአክስቴ የደበቅሁት መርዶ

አክስቴ አዲስ አበባ ወንዝ ዳር ዕድሜያቸውን ኖረው ቢቸና እኔ ቤት የገቡት በሁለት ማዳበሪያና በአንድ ሻንጣ ነው። ቤታቸው ፈርሷል። የወንዙ ዳር ሊለማ፣ ሰማይ ጠቀስ ፎቅ ሊደረደርበት ታቅዶ ሰፈሩ በሙሉ ተነሣ፤ አንዱ ጎረቤት በከተማው በዚህ ጫፍ፣ ሌላው በዚያ ጫፍ ኮንዶሚኒየም ደረሰው። ለአክስቴ የደረሳቸው አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር፤ ጉልበታቸው ደግሞ ደረጃ አይችልም። "ወዲህ ይምጡ! እኔ እያለሁ ማን ደረጃ ያስወጣዎታል!" ብዬ በስልክ የጮህሁት እኔ ነኝ። ስቆጣም ስወድም እጮሃለሁ፤ ተማሪዎቼም ባሌም ለምደውታል።

ቢቸናን አልጠሉትም። ተወልደው ያደጉት ሞጣ ስለሆነ ብርዱም አነጋገሩም አዲስ አልሆነባቸውም። የአንዲት ጎረቤታቸው ስም ግን ካፋቸው አይጠፋም። ባልም ልጅም የሌላቸው ሁለት ሴቶች በአንድ ግድግዳ ግራና ቀኝ አብረው አርጅተዋል። ቀድማ ለሞተችው የቀረችው ቆማ ልታለቅስላት ተማምለዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከገበያ መልስ አክስቴ ይደውሉላቸዋል። "አንቺ አሮጊት፣ እስካሁን አለሽ?" ይላሉ፤ ከወዲያ የሳቅ ድምፅ እኔ ድረስ ይሰማኛል።

አንድ ቀን የድሮው እድራቸው ዳኛ ለእኔ ደወሉልኝ። እኚያ ጎረቤታቸው አርፈዋል፣ ተቀብረውም አድረዋል። በአዲሱ ሰፈር የሚያውቃቸው ስላልነበረ የቀድሞ ጎረቤቶቻቸው እንኳ የሰሙት ከቀብሩ በኋላ ነው። "ለአክስትሽ እንዳትነግሪያቸው። ከሰፈሩ ሰው ጥቂት ሆነን መጥተን በወጉ እናረዳቸዋለን" አሉኝ። እሺ አልኩ። ደግሞስ እኔ ሟችን በዓይኔ አይቻቸው አላውቅ፤ ምን ብዬ ነው ብቻዬን የማረዳቸው? ማለዳ መጥቶ ይዟቸው አብሯቸው የሚያለቅስ፣ ሟችን የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል።

ጠበቅኋቸው። አንድ ቀን የአንደኛው ስልክ ጠፋብን ይሉኛል፤ ሌላ ቀን እገሊት የት እንደገባች አላወቅንም፤ ሌላ ቀን ደግሞ መንገዱ ይዘጋል። ወይ አበሳዬ! በአንድ ጡሩምባ ከየቤታቸው ግር ብለው የሚወጡ የነበሩ ሰዎች አራት ሆነው አባይን መሻገር አቃታቸው። አክስቴ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ይደውላሉ፤ ስልኩ ዝግ ነው። "ኔትወርክ ነው እቴቴ" እላለሁ። እኛ ዘንድ ይህን ውሸት የማያምን የለም።

በዚህ መሃል ጥጥ ገዝተው መፍተል ጀመሩ። "ለሷ ነው። ነጠላዋ አልቋል፤ ለራሷ ደግሞ አትገዛም" አሉኝ። እሳቸው ሲፈትሉ እኔ ማዶ ተቀምጬ ደብተር አርማለሁ፤ ትክክሉን መልስ ስህተት ብዬ አገኘዋለሁ። ልቤ ተናገሪ፣ ተናገሪ ይለኛል፤ መልሼ ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት ይመጡ ይሆናል እላለሁ። እንዲህ ስል አርባው አለፈ። ሸማኔውም ነጠላውን ሠርቶ ሰጣቸው።

ሰኞ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ልሄድ ስወጣ አክስቴ ጫማቸውን አጥልቀው፣ ነጠላውን በፌስታል ይዘው በር ላይ ቆመዋል።

"መናኸሪያ አድርሺኝ። ሄጄ በእጄ አለብሳታለሁ። ስልክ፣ ስልክ ስል ሰለቸኝ።"

"መንገዱ እኮ እቴቴ..."

"ተከፍቷል። ጠይቄያለሁ።"

"አዲሱን ቤታቸውን አያውቁት! የት ሊገቡ ነው?"

"ሰው ጠይቄ አገኛታለሁ። ምን ሆነሻል፣ ልቀቂኝ እንጂ!" አሉ። ለካ ክንዳቸውን ጨብጫለሁ።

"የሉም እኮ! ሞተዋል! ማንን ነው የሚያለብሱት?"

አፌን በቆረጠው! በር ላይ፣ ቦርሳዬን እንዳንጠለጠልኩ፣ ያረፈደ ተማሪ እንደምቆጣ ተቆጥቼ ተናገርኩት። ሰው ጠላቱን እንኳ እንዲህ አያረዳም። አክስቴ አልጮሁም። ተመልሰው ገብተው መደቡ ላይ ተቀመጡና "መቼ?" አሉ። ነገርኳቸው። በጣታቸው ቆጠሩ። "አርባዋም አልፏል" አሉ።

ጎረቤቶቼ ለእኔ ብለው ለቅሶ መጡ። እግዜር ይስጣቸው፣ አንድም የቀረ የለም። ግን ምን ይበሉ? "እንዲህ ያለች ደግ ነበረች" የሚል ሰው ጠፋ፤ ነፍስ ይማር ብለው ዝም ብለው ይቀመጣሉ። አክስቴ ፎቶዋን ይዤ ላልቅስላት አሉ፤ ፎቶ የላቸውም። "እንግዲያው ሰፈራችንን እንኳ አሳዪኝ። ያንቺ ስልክ የማያመጣው የለ።" የሰፈሩን ስም ጽፌ ፈለግሁ። የመጣልኝ ሁሉ ገና ያልተሠራው ሰፈር ሥዕል ነው፤ መስታወት የለበሰ ፎቅ በፎቅ፣ ከሥሩ ጥርት ያለ ወንዝ፣ ዳር ዳሩን የሚንሸራሸሩ የማላውቃቸው ሰዎች። ብፈልግ ብፈልግ አንድ የቆርቆሮ ጣራ አጣሁ።

ስልኩን ተቀብለውኝ ብዙ አዩት። "ያምራል" አሉ መጀመሪያ፤ የምራቸውን ነው። ከዚያ ወንዙን በጣታቸው ተከትለው ሄደው መታጠፊያው ጋ ሲደርሱ ቆሙ። "ድልድዩ ይሄ ነው። የኛ በር እንግዲህ እዚህ ነበር፤ እሷ ፀሐይ የምትሞቀው እዚህች ጋ።" ጣታቸው ከሁሉ የረዘመው ፎቅ እግር ሥር ነው። ተነሥተው ስልኩን በሁለት እጃቸው ከፍ አድርገው ያዙና "እህቴ! እህቴዋ!" እያሉ አለቀሱ። ስልኩ በየጊዜው ድርግም ብሎ ይጠፋል፤ እኔ እየተነሣሁ አበራላቸዋለሁ። ያኔ ጎረቤቶቼም አለቀሱ።

በሳምንቱ ከእንግዲህ ሞጣ ልኑር፣ ውሰጂኝ አሉ፣ የሞቱት ወንድማቸው ሚስት ዘንድ። ብለምናቸው ባስለምናቸው አልሰሙኝም። አውቶቡስ ውስጥ ጎናቸው ተቀምጬ እጃቸውን ያዝኩ።

"ይቅር ይበሉኝ እቴቴ። የደበቅሁዎ እንዳይጎዱብኝ ብዬ ነበር።"

"አውቃለሁ፤ ክፉ አይደለሽም። ሰው መርዶ የሚደብቀው እንዳይጎዳበት ከሚሳሳለት ነው።" ነጠላቸውን ሰብሰብ አደረጉ። "የኔ ጊዜ እንኳ አትቸገሪም።"

"ምነው እቴቴ! ምን ማለትዎ ነው?"

"የኔን ሞት ከማን ትደብቂዋለሽ?"

ሞጣ እስክንገባ ሞታቸውን የምደብቀው የአንድ ሰው ስም ልጠራላቸው አሰብኩ፣ አሰብኩ። አላገኘሁም።